የአባት ስም

ሃምሳ አለቃ ቸኮል ባዬ ጠዋት ከመኝታ ቤቱ ሲወጣ ሚስቱን ዘነቡን በረንዳ ላይ ቁጢጥ ብላ የወንድ ጫማ ስትቦርሽ አገኛት። ቡናማ የቆዳ ጫማ ነው፤ ልጃቸው ኖላዊ ለእህቱ ምረቃ ብሎ ገዝቶት፣ ውትድርና ሲገባ አልጋ ስር ትቶት የሄደው። ከዚያ ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም። ዘነቡ ቀለሙን በጣቷ እየቀባች፣ በአሮጌ ካልሲ እያሸች፣ ወደ ብርሃን እያነሳች ታየዋለች። "ምን እያደረግሽ ነው?" አላት። "አቧራ ይዞት" አለች ቀና ሳትል። ዛሬ ይግባኝ ሰሚው የጦር ፍርድ ቤት በልጃቸው ጉዳይ ፍርድ የሚያሰማበት ቀን መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ትናንት እራት ላይ ግን ሲያወሩ ያመሹት ስለ ውሃው ነበር። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው፤ የነሱ ብሎክ ተራ ደርሶ ሳለ ሦስተኛ ፎቅ ሳይወጣ ስለቀረ፣ ስለ ጀሪካን፣ ስለ ፓምፑ፣ ስለ ኮሚቴው ተነጋግረው ተኙ። በዚህ ቤት የኖላዊ ስም ሳሎን ውስጥ አይነሳም። ዘነቡ ስታነሳው ወጥ ቤት ገብታ፣ ከልጇ ከሚካል ጋር፣ ቧንቧ ከፍታ ነው።

ኖላዊ ጓደኛውን ገድሏል ተብሎ ነው የታሰረው። ሟቹ አስር አለቃ ፍሮምሳ ይባላል፤ የላፍቶ ልጅ፣ አብረው ተመዝግበው አብረው የሰለጠኑ፣ ለእረፍት ሲመጡ አንዱ ከሌላው ቤት የማይጠፉ። አንድ ሌሊት ከጦር ሰፈሩ የጥበቃ ቦታ ጥይት ተሰማ፤ ፍሮምሳ ወድቆ ተገኘ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሁለቱ በእረፍት ተራ ተጨቃጭቀው ነበር። ኖላዊ አልተኮስኩም አለ፤ የጦር ፍርድ ቤቱ አላመነውም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ፈረደበት። ቸኮልም አላመነውም። ዕድሜውን በጦር ቤት የጨረሰ ሰው ነው፤ ጦሩ ያለ ነገር ሰው አያስርም የሚል እምነት ደሙ ውስጥ ገብቷል። የብሎኩ ሰው የእድር ዳኛ አድርጎ የመረጠውም ለዚሁ ነው፤ ቸኮል ለዘመድ አያደላም ይሉታል። እስር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ ልጁን ጠይቆታል። ያን ቀን ከሽቦው ማዶ ቆሞ "ወንድ ልጅ ያደረገውን አይክድም" ብሎት ተመለሰ። ጎረቤት ሲጠይቀው "ግዳጅ ላይ ነው" ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ሲለው ጆሮው ይግል ነበር፤ ኋላ ለመደው።

ይግባኙን የያዘችው ሚካል ናት። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ባለ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ እዚያ መድኃኒት የምትገዛ ሴና የምትባል ጠበቃ ተዋወቀች፣ አባቷን ሳታማክር ጉዳዩን ሰጠቻት። ቸኮል ነገሩን የሰማው አልቆ ካለቀ በኋላ ነው፤ "እንደፈለግሽ" ከማለት በቀር አልተናገረም። አንድም ቀጠሮ አልሄደም። ዛሬ ግን ሚካል ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች በሩ አጠገብ ቆማ "አባዬ፣ ትመጣለህ?" አለችው። እንደ ልመናም አይደለም፣ እንደ ቁጣም አይደለም፤ ገበያ ትሄዳለህ ወይ እንደሚባል ነው። ዘነቡ ጫማውን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። ቸኮል ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ። ለምን እንዳነሳው ራሱም አያውቅም፤ ብቻውን ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልክ መጠበቁን ፈርቶ ይሆናል።

የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነበር፤ ሲደርሳቸው ሦስቱም የተለያየ ቦታ ተቀመጡ። ከፊቱ ያሉት ሁለት ሴቶች ቲማቲም መቶ ሃያ ገባ፣ ሽንኩርትም ሊከተል ነው ይባባላሉ፤ ረዳቱ ሂሳብ ሂሳብ ይላል። ሀይሌ ጋርመንትን አልፈው ወደ ላፍቶ የሚገባው ኮረኮንች መንገድ ጋ ሲደርሱ ቸኮል ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት አዞረ። በዚያ መንገድ ገብቶ ያውቃል። ኖላዊ በተያዘ ሰሞን፣ ምርመራው ሳያልቅ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ከእድሩ ሦስት ሽማግሌዎች መርጦ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ፣ ወደ ፍሮምሳ እናት ወደ ሶሬቲ ግቢ ሄደ። ሶሬቲ መሬቷን ከተማው ቢወስድባትም በቀራት ግቢ ላሞች ታረባለች፤ ለብዙ ዓመት ለዘነቡ ወተት ያቀበለችው እሷ ነች። ያን ቀን በሩን ከፍታ በርጩማ አወጣችላቸው። ውሃ ግን አልሰጠቻቸውም። ቸኮል መሬት ላይ ተንበርክኮ "ልጄ ልጅሽን በልቶብሻል፤ ይቅር በይን" አላት። እሷም ይቅር አልኩ አላለች፣ ውጡ አላለች፤ ላሞቹ ወደታሰሩበት ታይ ነበር። ሲመለስ ቀሎት ነበር፤ በዚያ ሰሞን እህል የበላው ያን ማታ ብቻ ነው። ለዘነቡም ለሚካልም አልነገራቸውም። ሽማግሌዎቹንም ምስጢር ነው ብሎ አስምሏቸዋል።

ፍርድ ቤቱ ግቢ በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ስልክ ይሰጣል፤ ዘነቡ ፌስታሉን ፈታ ጫማውን አሳየች። ፈታሿ ጫማውን ገልብጣ አየችና መለሰችላት። ውስጥ ከባሕር ዛፍ ስር ረጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ ሰው በቤተሰብ በቤተሰብ ሆኖ ተቀምጧል። ጥግ ላይ ሶሬቲ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቻዋን ተቀምጣለች። ዘነቡ አየቻት፤ እሷም ዘነቡን አየቻት፤ ሁለቱም እኩል አንገታቸውን ደፉ። ጠበቃዋ ሴና ጥቁር ካባዋን በክንዷ ይዛ መጣች፤ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ሚካል ቸኮልን አሳይታ "አባቴ ነው" ስትላት ትንሽ ደንገጥ አለች፤ ቀጥላ እጁን ጨበጠችው። "መምጣትዎ ይሻላል፤ በራስዎ ጆሮ ቢሰሙት" አለች። ምኑን እንደሆነ አልገባውም።

ያኔ ነው ከኋላው "ቸኮል! አንተ ቸኮል ባዬ!" የሚል ድምፅ የሰማው። ዞር ሲል ሻምበል አብዶ ነው፤ ያኔ ግንባር ሳሉ የመቶ መሪው የነበረ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ከዘራ ይዟል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ቸኮል ሳያስበው እግሮቹን ገጠመ። ተቃቀፉ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሻምበሉ ጉንጩን ይዞ "በሕይወት አለህ እኮ! እኔ ሞተሃል ብዬ ነበር" እያለ ይስቃል። ጡረታ፣ ጤና፣ የሞቱ ጓዶች ተጠያየቁ። ከዚያ "እዚህ ምን አመጣህ?" አለው።

ቸኮል አፉን ከፈተ። ልጄ ታስሮ ነው ሊል ነበር፤ በኋላ ራሱን ብዙ ጊዜ ሲጠይቅ ቃሉ ምላሱ ላይ እንደነበረ እርግጠኛ ነው። ግን ያ ሰው ነው፤ ከመቶው ሁሉ መርጦ በሰልፍ ፊት "እንደ ቸኮል ሁኑ" ያለው።

"የ... የጎረቤት ልጅ ነው ጌታዬ" አለ። "እናቱ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ።"

ዘነቡ ከጀርባው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበረች። ሻምበሉ ቸኮል በእጁ ያመለከተውን አቅጣጫ ተከትሎ አያትና፣ ባርኔጣውን አውልቆ "አይዞሽ እህቴ፤ አላህ ያውጣልሽ" አላት። ዘነቡ ባሏን አላየችውም። "አሜን" አለች። ፌስታሉን ደረቷ ላይ አድርጋ ሄዳ ከሚካል አጠገብ ተቀመጠች። ሻምበሉ የራሱን ነገረው፤ የእህቱ ልጅ ከክፍሉ ከድቶ ጠፍቶ ተይዞ ነው፣ የዛሬው ቀጠሮ ለሱ ነው። ተራው እስኪደርስ አብረን እንቀመጥ ብሎ ክንዱን ያዘው። ቸኮል እምቢ ማለት አልቻለም። ችሎቱ ሲከፈት ሚስቱና ሚካል ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እሱ ከኋላ፣ ከሻምበል አብዶ ጎን።

ሦስት ዳኞች መለዮአቸውን እንደለበሱ ገቡ፤ ሰብሳቢው መነጽር ያደረገ ኮሎኔል ነው። ጸሐፊዋ መዝገቡን አነሳችና "ይግባኝ ባይ፣ ወታደር ኖላዊ ቸኮል" ብላ ጠራች።

ቸኮል የራሱ ስም እንዲህ ሆኖ ሲጠራ ሰምቶ አያውቅም። ከጎኑ ሻምበሉ ሲንቀሳቀስ ተሰማው፤ አንገቱን አዞረ፣ መልሶ ወደ ፊት አየ፤ የስም መመሳሰል ነው ብሎ ያሰበ ይመስላል። ኖላዊ በሁለት ወታደሮች መካከል ገባ። ከስቷል፤ ጸጉሩን ተላጭቷል፤ አገጩ ላይ ቸኮል የማያውቀው ጠባሳ አለ። ቤተሰቡን በዓይኑ ፈለገ፤ እናቱን አገኘ፣ እህቱን አገኘ፣ ከዚያ ወደ ኋላ አልፎ አባቱ ላይ ደረሰ። ለአፍታ ያህል ዓይኑ እዚያ ቆየ። ቸኮል እጁን ሊያነሳ ፈለገ፤ እጁ ጉልበቱ ላይ ተኝቶ ቀረ።

ኮሎኔሉ ንባቡን ጀመረ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ አይቸኩልም። ኖላዊን በጨረቃ ብርሃን ሲሮጥ አይቻለሁ ያለው ምስክር ያን ሌሊት በክሊኒክ ተኝቶ እንደነበር በሕክምና ባለሙያው ቃል ተረጋግጧል አለ። ከሟች አስከሬን የወጣው ጥይት በዚህ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲመረመር ከይግባኝ ባዩ መሣሪያ ያልተተኮሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህ ምርመራ ከመጀመሪያው ሊደረግ ሲገባው አልተደረገም አለ። ዘነቡ አልገባትም፤ የሚካልን ክንድ ይዛ "ምን አለ? ምን አለ?" ትላለች። ሚካል አፏን በእጇ ሸፍናለች። ቸኮል ግን እያንዳንዱ ቃል ገብቶታል። መሣሪያ ያውቃል፤ የጥይት ነገር ያውቃል። ያኔ ልጁን "ጥይቱ ተመርምሯል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ለሱ ምንም አልነበረም። ማንንም አልጠየቀም።

ኮሎኔሉ ገጹን ገለበጠ። "የሥር ፍርድ ቤት ለጥፋተኝነት ውሳኔው ተጨማሪ ማጠናከሪያ ያደረገው፣ የተከሳሽ አባት ሃምሳ አለቃ ቸኮል ባዬ በምርመራው ወቅት ሽማግሌ ይዘው ወደ ሟች ቤት በመሄድ ልጃቸው መግደሉን ተናግረው ይቅርታ መጠየቃቸውን የሟች እናት መመስከራቸውን ነው። አባት ስለ ልጁ አፍሮ የሚለምነው ይቅርታ የልጁ የእምነት ቃል ሊሆን አይችልም። አባቱ በቦታው አልነበሩም፤ ያዩትም ነገር የለም።"

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አሳለ። ሻምበል አብዶ ክንዱን ከቸኮል ክንድ ላይ አነሳ፤ ቀስ ብሎ፣ ከትኩስ ነገር ላይ እንደሚነሳ። ቸኮል መሬቱን እያየ ነበር፤ የሲሚንቶው ወለል ላይ የተጣለች የከረሜላ ወረቀት ታየዋለች፤ ከሷ ውጭ ምንም አያይም። ፊት ያለችው ሚስቱ ዞር አላለችም። ጀርባዋ ብቻ ቀጥ ብሎ ደረቀ። ያን ቀን ከላፍቶ ሲመለስ የበላው እራት ትዝ አለው፤ የልጁን አሥራ ስምንት ዓመት ነበር የበላው። ምስክሩ ይቅር፣ ጥይቱ ይቅር፤ በመጀመሪያው ችሎት "አባቱ ራሱ አምኗል" ሲባል ልጁ እዚያው ቆሞ ሰምቶታል።

"በዚህም መሠረት" አለ ኮሎኔሉ፣ "የጥፋተኝነት ውሳኔውና ቅጣቱ ተሽሯል። ይግባኝ ባይ በሌላ ጉዳይ የማይፈለግ ከሆነ ዛሬውኑ ይለቀቅ።"

ወታደሮቹ ኖላዊን በጎን በር ይዘውት ወጡ፤ ዘነቡ እልል ልትል ተነሳች። ነገር ግን ድምፁ ከጉሮሮዋ ሳይወጣ ሌላ ሴት ቆመች። ሶሬቲ ነች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቋል። "እንግዲያ ልጄን ማነው የገደለው?" አለች። አልጮኸችም፤ ሰው መንገድ እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀችው። "እናንተ ናችሁ ይሄ ነው ያላችሁኝ። አሁን ደግሞ አይደለም አላችሁኝ። እኔ ማንን ልያዝ?" ኮሎኔሉ መነጽሩን አወለቀ። "እናቴ፣ ምርመራው እንደገና እንዲከፈት አዘናል። ከዚያ ሌላ ዛሬ ልመልስልሽ የምችለው የለኝም" አላት። ሶሬቲ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ዘነቡ እልልታዋን ውጣ ተቀመጠች፤ ፊቷን በፌስታሉ ላይ ደፍታ አለቀሰች።

ውጭ ሰዉ ሚካልን ይስማታል፤ የማያውቋቸው ሴቶች ሁሉ ዘነቡን ያቅፏታል። ቸኮል ከባሕር ዛፉ ስር ብቻውን ቆመ። ሻምበል አብዶ ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ዘነቡ ሄደ፤ ባርኔጣውን አውልቆ "እንኳን ደስ ያለሽ" አላት። ከዚያ ከዘራውን እየተደገፈ ወደ ቸኮል መጣ። ቸኮል ይሰድበኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢሰድበው ደስ ይለው ነበር። ሻምበሉ ከዘራውን ተክሎ ቆመና "የኔው ጥፋተኛ ነው፤ ከድቷል፤ ራሱም አምኗል" አለው። "ግን የእህቴ ልጅ ነው። በር ላይ የጠየቀኝን ሁሉ እንደዚያ ብዬ ነው የገባሁት።" ይህን ብሎ ተራውን ሊጠብቅ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። እጅ አልተጨባበጡም።

ሴና የመፍቻ ትእዛዙን ለማስጻፍ ስትሮጥ ቸኮል ሚካልን ጠጋ አላት። "ታውቂ ነበር?" አላት።

"የሽምግልናውን? ሴና የመጀመሪያውን ፍርድ ስታስነብበኝ ነው ያወቅሁት፤ ጥር ላይ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርህ አባዬ?" አለች። በቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። በድካም ነው ያለችው።

"እናትሽስ?"

"ዛሬ ነው የሰማችው።"

እስር ቤቱ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ሚካል በስልኳ መኪና ጠራች፤ ሹፌሩ ጎልማሳ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ሲቆዩ ሂሳቡ እንደሚጨምር ነግሯቸው፣ ኋላ ነገሩ ሲገባው እስክትጨርሱ ቆጣሪውን አጠፋዋለሁ አላቸው። ከሰዓቱን በሙሉ በሩ ላይ ጠበቁ። ዘነቡ የታሸገ ውሃ ገዝታ ነበር፤ ራሷ ጠጣች፣ ለሚካል ሰጠች፤ ከዚያ "አባትሽ ይጠጣ እንደሆነ ጠይቂው" አለች። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው የቆመው። ሚካል ጠየቀችው። አልጠማኝም አለ፤ ጉሮሮው ደርቆ ነበር። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ውስጥ ዘነቡ ተቆጥታው ታውቃለች፣ አኩርፋው ታውቃለች፤ በሰው በኩል ግን አናግራው አታውቅም።

ኖላዊ ሊመሽ ሲል ወጣ። በእጁ ትንሽ ቦርሳ ይዟል፤ በነጠላ ጫማ ነው። እናቱ መሬት ላይ ወድቃ እግሩን ልትስም ስትል አነሳት፤ ሁለቱ ተያይዘው ቆዩ፤ ሚካልም ገባችበትና ሦስቱ አንድ ሆኑ። ዘነቡ ወዲያው ቁጭ አድርጋ ጫማውን አስቀየረችው። ቸኮል ባለበት ቆሟል። ኖላዊ ሲጨርስ ወደሱ መጣ፤ እንደ ድሮው አንገቱ ስር አልገባም። ጎንበስ ብሎ፣ ለማንኛውም ሽማግሌ እንደሚደረገው፣ በሁለት እጁ ጨበጠው።

"እንደምን ዋሉ?" አለው።

ቸኮል ልጁ አንቱ ሲለው የመጀመሪያው ነው። ሕፃን ሆኖ አንተ፣ ጎርምሶ አንተ፣ ወታደር ሆኖም አንተ ነበር የሚለው። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። "እንኳን... እንኳን ለቤትህ አበቃህ።" "አሜን፤ እንኳን አብሮ አበቃን" አለ ኖላዊ። አክብሮቱ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

መኪናው ውስጥ ቸኮል ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ ሦስቱ ከኋላ። ዘነቡ የልጇን እጅ ይዛ ስለ ጤናው፣ ስለ ጠባሳው፣ ስለሚበላው ትጠይቃለች። ጠባሳው ምንድን ነው ስትለው "ወድቄ ነው" ብሎ አለፈው። ለቡ ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሙ፤ ካፊያ ጀመረ። ከዚያ ኖላዊ በድንገት "እማማ ሶሬቲ መጥተው ነበር አይደል? ጀርባቸውን አየሁት" አለ። "ከወጣሁ በኋላ ምን አሉ?"

"ልጄን ማን ገደለው አሉ" አለ ቸኮል ከፊት ሆኖ፣ ሳይዞር።

"እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠይቅ የነበረው እሱን ነው።" ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "ማንም ግን አልጠየቀኝም። መርማሪዎቹ 'ለምን ገደልከው?' ነበር የሚሉኝ፤ 'ገድለኸዋል ወይ?' ያለኝ ሰው የለም። እርስዎ ሲመጡ ግን ይጠይቁኛል ብዬ ነበር።"

መጥረጊያው መስታወቱን ይጠርጋል። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋው። ቸኮል ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈለገ፤ ያ ቃል ግን አንድ ጊዜ በሰው ግቢ ተንበርክኮ ያለ ቦታው ተናግሮታል፤ አሁን አፉ ውስጥ የተበላሸ ነገር ሆኖ ተሰማው። "አልጠየቅሁህም" አለ ብቻ። "እውነትህን ነው። አልጠየቅሁህም።"

ሀይሌ ጋርመንት ሊደርሱ ሲሉ ኖላዊ ሹፌሩን ትከሻውን ነካ አደረገው። "ወንድሜ፣ በግራ በኩል ያለውን ኮረኮንች መንገድ ግባልኝ።" ዘነቡ ደነገጠች፤ "ዛሬ? ልጄ፣ ዛሬ አይሆንም፤ ሰዎቹ ምን ይሉናል?" አለችው። "ጓደኛዬ ሞቶብኝ ለቅሶ አልደረስኩም እማዬ" አለ። "አልቅሼለትም አላውቅ። እዚያ ሆኜ ሳለቅስ ቢያዩኝ ጸጸት ነው ይሉ ነበር።" ሚካል እናቷን ክንዷን ጨመቅ አደረገቻት። መኪናው ታጠፈ።

የሶሬቲ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ኖላዊ ወርዶ፣ በሩን ሳይገፋ፣ እዚያው ጭቃው ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ወንድሜን!" ብሎ ጮኸ። "ፍሮምሳ ወንድሜን! ሳልቀብርህ!" ከውስጥ ውሻ ጮኸ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ሶሬቲ ወጣች። ልጁን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ወደሱ ተንገዳገደች፤ "ኢልማ ኮ!" አለች፤ ልጄን ማለቷ ነው። ኖላዊ ሮጦ ሳትወድቅ ያዛት። ዘነቡም ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ተከተለች፣ ሚካልም ተከተለች፤ ሁሉም ወደ ውስጥ ገቡ።

ቸኮል ከመኪናው ወርዶ አጥሩ አጠገብ ቀረ። ካፊያው በረታ። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "አባባ፣ ለቅሶ ነው እንዴ? አይገቡም?" አለው። ቸኮል ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ድንጋይ ተሸክሞ የገባበት በር ነው፤ ያን ጊዜ የራሱን ክብር ይዞ ነበር የመጣው፣ ሰው ለልጁ አደላ እንዳይለው፣ እውነተኛ ሰው ነው እንዲባል። ዛሬ የያዘው ምንም የለም። የውስጡ ለቅሶ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ፤ የልጁን ድምፅ ከሁሉም ለይቶ ሰማው። ልጁ ሲያለቅስ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማው መቼ እንደሆነ አላስታወሰም። ኮቱ እስኪበሰብስ ቆመ።

ኋላ ለቅሶው ጋብ ሲል ሶሬቲ ራሷ ወደ በሩ መጣች። ዓይኗ አብጧል። አጥሩን ተደግፋ አየችው።

"ያን ጊዜ ስትመጣ ብዙ ተናገርክ" አለችው። "እኔም አመንኩህ። አባት በልጁ አይዋሽም ብዬ። ልጅህን የጠላሁት ባንተ አፍ ነው። ዛሬስ ምን ትላለህ?"

ቸኮል ራሱን ነቀነቀ። "የምለው የለኝም ሶሬቲ።"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። እሷ ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበች። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አለች።

"እንግዲያ ዝም ብለህ ግባ" አለችው።

ገባ። ቤቱ በአንድ አምፖል ብቻ በርቷል፤ ግድግዳው ላይ ፍሮምሳ በወታደር ልብስ ይስቃል። ዘነቡና ሚካል ምንጣፍ ላይ ናቸው፤ ኖላዊ አግዳሚው ላይ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ሌላ መቀመጫ አልነበረም። ቸኮል በሩ ስር ቆሞ ውሃው ከኮቱ እየተንጠባጠበ ቀረ። ኖላዊ ቀና ብሎ አላየውም። ግን እዚያው እንዳቀረቀረ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ትቶ፣ ወደ ጥጉ ጠጋ አለ።